የጋሼ ላትቪያ

ላትቪያ የምትባል አገር በዓለም ላይ እንዳለች ያወቅሁት በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አሜሪካ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ፣ ለአንድ ሽማግሌ ካልሲ እያጠለቅሁ ነው።

ከዚያ በፊት ሂሊያርድ የሚባል ሰፈር አንድ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ አምስት ዓመት ካርቶን አነሳሁ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ አንዲት የሰፈሬ ሴት፣ «ሆም ኬር ለምን አትሞክሪም? ሽማግሌ መጦር ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው?» አለችኝ። ሥልጠናውን ጨረስኩ፤ ኤጀንሲውም ኢስትሙር ወደሚገኝ አንድ የጡብ ቤት ላከኝ። እኔ የምኖረው ሂልቶፕ ስለሆነ በየጠዋቱ በአውቶቡስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣለሁ። ሰው ከካርቶን እንደሚከብድ የገባኝ እዚያ ቤት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

የምጦራቸው ሰው ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ረጅም፣ ቅንድባቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ማተሚያ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። አብራቸው የምትኖረው አንዲት ልጃቸው ናት፤ ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጋች፣ መሀል ከተማ ቢሮ የምትሠራ፣ ትዳር ያልያዘች ሴት። የመጀመሪያ ቀን መድኃኒቱን፣ ተደግፈው የሚሄዱበትን ዎከርና የመታጠቢያ ቤቱን መደገፊያ ካሳየችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ ብዙ ነገር ይረሳል። ለምን እንደመጣሽ ላይገባው ይችላል። አትከራከሪው፤ ያለውን እሺ በዪው» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ሳሎን ወሰደችኝ። እሳቸው ዎከራቸውን ተደግፈው በሩ ጋ ቆመዋል። እጄን ዘረጋሁ። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«በበር ደፍ ላይ እጅ አይጨበጥም» አሉኝ። «መጀመሪያ ግቢ።»

ገባሁ። ያን ጊዜ በሁለት እጃቸው እጄን ይዘው፣ «እንኳን ወደ ላትቪያ በደህና መጣሽ። መንገዱ እንዴት ነበር?» አሉ።

ዞር ብዬ ልጃቸውን አየኋት። እሺ በዪው እንደማለት ራሷን ነቀነቀች።

«ደህና ነበር» አልኩ። የመጀመሪያው ውሸቴ ይኸው ነው።

ነገሩ የገባኝ ቀስ በቀስ፣ ከልጃቸው እየሰማሁ ነው። ጋሼ ከላትቪያ የወጡት በስምንት ዓመታቸው ነበር። ጋሼ የምላቸው ስማቸው ለምላሴ ስለሚያስቸግረኝ ነው፤ ትርጉሙን ጠይቀውኝ ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ስልክ ሲያነሱ ሳይቀር «ጋሼ ነኝ» ይሉ ጀመር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል እናታቸው እሳቸውን ይዘው በጋሪ ወደብ ደረሱ፤ ከወደብ በመርከብ ጀርመን ገቡ፤ ዓመታት ካምፕ ውስጥ ከኖሩ በኋላ ወደ ኦሃዮ መጡ። ከዚያ ወዲህ አገራቸውን አላዩም።

አገሪቱ ከባዕድ አገዛዝ ነፃ በወጣች ጊዜ እዚህ የሚኖሩ የላትቪያ ቤተሰቦች አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸውን ይዘው ሊጎበኟት ተነሡ። ጋሼ የማተሚያ ቤት ሰው ስለሆኑ ለልጆቹ የሚሆን መምሪያ አዘጋጁ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በታይፕ የተመታ፣ ሃያ ሁለት ገጽ፣ ሽፋኑ ላይ «ለእንግዶች» የሚል። አገሪቱ የት እንዳለች፣ አየሩ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላ፣ የሰው ቤት ሲገቡ ምን ነውር እንደሆነ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ለመንገደኛ የሚጠቅሙ ቃላት። ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው ሚስታቸው ታመመች። ሌሎቹ የጋሼን ወረቀት ይዘው ሄዱ፣ ጋሼ ቀሩ። በሚመጣው ሰመር እሄዳለሁ አሉ። በሚመጣው ሰመርም ሌላ ነገር መጣ። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሠላሳ ዓመት አለፈ። በስምንት ዓመቱ የወጣባትን አገር ዳግም ያላየ ሰው ነው እንግዲህ ለእንግዶች የጻፈላት።

እንግዳዋ እኔ ሆንኩ። በየጠዋቱ ቁርስ እንደበላን መምሪያውን ከመሳቢያ ያወጡና ወንበሬን ወደ እሳቸው እንዳስጠጋ ያዙኛል።

«አገራችን ትንሽ ናት» ብለው ይጀምራሉ። «ከኦሃዮ ታንሳለች። ግማሿ ደን ነው። በምዕራብ በኩል ባሕር አለ። ባሕሩ ሲናወጥ አድሮ ጠዋት እንደ ማር የሚያበራ ድንጋይ ዳርቻው ላይ ይተፋል። አምበር ይባላል። ካገኘሽ ያንቺ ነው፤ ማንም አይቀማሽም።»

ስለ ተራራ የሚያወራው ገጽ ላይ ስንደርስ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ቦታ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ መሆኑን አነበቡልኝ። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ሳቄ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ጉብታ ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዳ በሰው አገር ተራራ አይስቅም» አሉኝ፤ እስከ ምሳ ድረስም አላናገሩኝም። በማግስቱ ያንኑ ገጽ እንደ አዲስ አነበቡልኝ። ያን ቀን «ትልቅ ተራራ ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ብዙ ነገር ተማርኩ። አንድ ጊዜ አራት አበባ ገዝቼ ስወስድላቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ ለሕያው ሰው አበባ የሚሰጠው በጎዶሎ ነው፣ ጥንድ የሚሆነው ለሬሳ ነው አሉና አንዷን መዝዘው ፀጉሬ ላይ ሰኩልኝ። ዳቦ ከእጅ ቢወድቅ አንስቶ መሳም እንደሚገባ ሲያነቡልኝ፣ «እኛም ዘንድ እህል አይረገጥም» አልኳቸው፤ መምሪያው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፉት። በሰኔ ወር ማንም የማይተኛበት አንድ ሌሊት እንዳለ፣ ወንዱ የኦክ ቅጠል ሴቷ የአበባ ጉንጉን ደፍተው ፀሐይ እስክትወጣ እሳት ዙሪያ እንደሚዘፍኑ፣ ያን ሌሊት የተኛ ሰመሩን ሁሉ እንደተኛ እንደሚያልፍበት ነገሩኝ። ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ግድግዳውን አይተው የሚያወሩት ሁሉ እኔ ዘንድ ግልጽ ሆኖ ይታየኝ ጀመር።

ማታ ቤቴ ስገባ ለልጄ ላወራላት እሞክራለሁ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በሦስት ዓመቷ ነው ይዣት የመጣሁት። ስልኳን ሳታስቀምጥ በእንግሊዝኛ «ደስ ይላል» ትለኛለች። በአማርኛ መልሺልኝ ስላት ደግሞ፣ በእንግሊዝኛ፣ «እማዬ፣ የምትይው ይገባኛል፤ ማለት ነው የማልችለው» ትላለች። ያን ጊዜ ቁም ነገር አድርጌ አልያዝኩትም።

በአራተኛው ወር ጋሼ ከመምሪያው ውጭ የሆነ ነገር ጠየቁኝ።

«ነገ ወደ ገጠር ትወጫለሽ?»

«እወጣለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አያቴ ዘንድ ግቢ። ወፍጮውን አልፈሽ፣ ሽመላ ጎጆ የሠራችበት ግንድ ያለበት ግቢ ነው። በርቹ ውሃ ሲሰጥ እንመጣለን በያት።»

በርች ግንዱ ነጭ የሆነ ዛፍ ነው። ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ግንዱን ይበሱትና እንደ ስኳር ውሃ የሚጣፍጥ ጭማቂ ይቀዱለታል። መምሪያው ገጽ ዘጠኝ ላይ አለ።

የዚያን ቀን ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ማእድ ቤት ይዣት ገባሁና ጠየቅኋት። ቦርሳዋን ሳታወርድ ነገረችኝ። ቤተሰቡ ሲሸሽ አያትየው አልሄድም ብለው ቀሩ። «ሁላችን ከሄድን ላሟን ማን ያልባታል?» ነው ያሉት። ጊዜው የመኸር መጨረሻ ነበር፤ በጸደይ እንመለሳለን ብለዋቸው ተለዩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ኦሃዮ አንድ ደብዳቤ ደረሰ። አያትየው የሞቱት በዚያው ክረምት፣ ብቻቸውን ነበር።

«አባቴ ይህን ያውቅ ነበር» አለችኝ። «አሁን ግን ረስቶታል። እባክሽ እንዳትነግሪው። ቢነገረው እንደ አዲስ ነው የሚሆንበት።»

«አልነግራቸውም» አልኳት።

በማግስቱ ኮቴን ሳላወልቅ፣ «ሄድሽ? ምን አለችሽ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ ብለዋል። ላሟ ጥጃ ወልዳለች» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ጋሼ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ሳቁ። «ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት።»

«እሰይ!» አሉ። ይህን ቃል ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ወሬ አመጣለሁ። ጣራው ተጠገነ፤ ዶሮዋ አሥራ አንድ ጫጩት ፈለፈለች፤ አያትዎ ጉልበታቸውን አሟቸው ቅቤ እየተቀቡ ነው። ውሸቱ እየጣመኝ ሄደ። ወሬ ሲያልቅብኝ የራሴን እናት ማውራት ጀመርኩ። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ እንዴት ጎረቤት እንደምትቆጣ፣ እንዴት ዘይት ቆጥባ ለዓመት በዓል እንደምታወጣው፣ ሲበርዳት እንዴት ሁለት ጋቢ ደርባ እንደምትቀመጥ። ጋሼ ሁሉንም ተቀበሉ። «ልክ እሷ ናት! እሷ እንዲህ ናት!» ይሉኛል። እናቴን ካየኋት ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን ኮል ሳደርግላት «መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች፤ እኔም በሚመጣው ሰመር እላታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ የሂልቶፑ ቤቴ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ስድስት ሰዎች ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀዋል፤ አንደኛዋ የደም ግፊት መለኪያ ይዛለች። ማንም ምንም ሳይል አወቅሁ።

መርዶ እኛ ዘንድ ሕግ አለው። በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ማለዳ ይኬዳል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ጤናው ይታያል፣ የሚይዙት ክንዶች በግራና በቀኝ ይዘጋጃሉ፤ ከዚያ ከሁሉ የሚበልጠው ሰው ቀስ አድርጎ ይናገራል። እነዚህ ሰዎች ከሐሙስ ጀምረው ያውቁ ነበር። ሥራ ላይ ሆኜ እንዳልሰማው፣ አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ ለጥፎት እንዳላየው ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠብቁኝ ነው የሰነበቱት። ትልቁ ሰውዬ፣ «እንግዲህ ልጄ፣ እናት አንድ ቀን ትቀድማለች» ሲሉ ወደቅሁ፤ ግን መሬት አልነካሁም፤ ያዙኝ። እናቴ ከተቀበረች ሁለት ቀኗ ነበር።

ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ ታየኛለች። አያቷን የምታውቃት በስልክ ነው። ሰዎቹ ሲያለቅሱ አጠገቤ መጥታ በጆሮዬ፣ በእንግሊዝኛ፣ «እኔም ማልቀስ አለብኝ?» አለችኝ። የጠየቀችኝ ከልቧ ነው፤ እንዴት እንደሚሆን ስላላወቀች ነው።

ማክሰኞ ኤጀንሲው ኮል አደረገልኝ። ሀዘኔን ሰምተዋል፣ በጣም አዝነዋል፣ ግን ሺፍቱን የሚሸፍን ሰው አጥተዋል፤ የሽማግሌው ልጅም ከዚህ በላይ ከሥራ መቅረት አትችልም። ቤት ውስጥ ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ብዬ ረቡዕ ሄድኩ። ልጃቸው የሆነውን ሰምታ ኖሮ በር ላይ አቀፈችኝና ወደ ቢሮዋ ሄደች።

ጋሼ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። አጃ ሠርቼ በማንኪያ እያቀረብኩላቸው ነው።

«ሄድሽ?» አሉ።

«አልሄድኩም፣ ጋሼ። ይብሉ።»

«ምን አለችሽ?»

«ይብሉ።»

አንድ ማንኪያ ዋጡ። «አያቴ ዘንድ ገባሽ? ምን አለችሽ?»

አራት ሌሊት አልተኛሁም። ድምፄ ከለቅሶ ተዘግቷል። እናቴን በአፌ ስጠራት የኖርኩበት ጨዋታ ነው ይሄ፤ ጉልበቷን፣ ጋቢዋን፣ ዶሮዎቿን ለእኚህ ሰውዬ ሰጥቻቸዋለሁ። ለስድስተኛ ጊዜ ይሁን ለሰባተኛ «ምን አለችሽ?» ሲሉኝ ማንኪያውን በእጄ እንደያዝኩ፣

«ሞተዋል» አልኩ። «አያትዎ ሞተዋል፣ ጋሼ። ከሞቱ ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያው ክረምት ነው የሞቱት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ያዩኝ ዓይኖች የሽማግሌ ዓይኖች አልነበሩም።

«ማን ነገረሽ?»

«ደብዳቤ መጥቶ ነበር።»

«አጠገቧ ማን ነበር?»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«ላሟንስ ማን አለባት?»

ይህን ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ድምፅ የለውም፤ አፋቸው ተከፍቶ፣ አጃው በአገጫቸው እየወረደ፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ። «ተሳስቻለሁ፣ ጋሼ። ሌላ ሴት ናቸው። የእርስዎ አያት ደህና ናቸው፣ ትናንት አይቻቸዋለሁ» አልኳቸው። አላመኑኝም። ያን ጠዋት ከነገርኳቸው ነገር ሁሉ ያመኑኝ ያንኑ አንዱን ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር እኔ አውቃለሁ። ከአራት ቀን በፊት ስድስት ሰዎች ለእኔ ያደረጉትን አይቻለሁ። እኔ ግን አንድን የስምንት ዓመት ልጅ ብቻውን፣ ቁርሱን እየበላ፣ የሚይዘው ሰው በሌለበት አረዳሁት።

ከሰዓት በኋላ ረሱት። ቢያንስ ቃሉን ረሱት። የቀኑን ሪፖርት የምንሞላው ስልክ ላይ ነው፤ «ቁርስ ግማሽ በልተዋል፣ ትንሽ ተክዘዋል» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።

በማግስቱ ስገባ በሩ ጋ አልቆሙም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መስኮቱን ያያሉ። እኔው ሄጄ፣ «ጋሼ፣ መጣሁ እኮ። መንገዱ ደህና ነበር» አልኳቸው። ዘወር ብለው አዩኝና መልሰው መስኮቱን አዩ። መምሪያውን አውጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አልነኩትም። አንደኛውን ገጽ ራሴ አነበብኩላቸው፤ ትንሽ ናት፣ ከኦሃዮ ታንሳለች፣ ግማሿ ደን ነው። ሌላ ሰው ስለ ሌላ አገር እንደሚያወራ ነው የሰሙኝ። ምን እንደሆነ ሳያውቁት ሀዘኑ ብቻ ውስጣቸው ቀርቷል። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ እንኳን በደህና መጣሽ አላሉኝም።

በሦስት ሳምንት ውስጥ እንግሊዝኛው ከአፋቸው ጠፋ። መጀመሪያ ስሞቹ ጠፉ፣ ከዚያ ግሦቹ፤ አንድ ሰኞ ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ላትቪያኛ ብቻ ነበር የቀረው። ምግብ ቀነሱ። የምትመጣው ነርስ፣ በሽታው እንዲህ ነው የሚሄደው፣ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው መጀመሪያ የሚጠፋው አለች። «የማንም ጥፋት አይደለም» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት ነው ያለችው። እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ለራሴ እንዲያ ብዬዋለሁ።

ልጃቸው ላትቪያኛ አትችልም። እናቷ አሜሪካዊት ነበረች፤ ጋሼ ደግሞ ልጅቷ ትምህርት ቤት እንዳትቸገር ብለው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው ያሳደጓት። እኔ ግን ከመምሪያው የመጨረሻ ገጾች ላይ ቃላት ለቅሜያለሁ። ለመንገደኛ የተጻፉ ስለሆኑ የሚበዙት አይጠቅሙም፤ ባቡር ጣቢያው የት ነው፣ ክፍል አላችሁ ወይ። ጥቂቶቹ ግን ይጠቅማሉ። ኡደንስ ሲሉ ውሃ ነው። ማይዜ ዳቦ ነው። አውክስቲ በረደኝ ነው። ሳፕ ያመኛል ነው።

አንድ ቀን ወደ ማታ ልጃቸው ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጋሼ አንድ ነገር አሉ። አየችኝ።

«አባቴ ምን አለ?»

«ውሃ ነው ያሉት።»

ውሃውን በማንኪያ ሰጠቻቸው። ጠጡና ሌላ ነገር አሉ። እንደገና አየችኝ፤ ፊቷ እንደ ሕፃን ፊት ሆኗል።

«አሁንስ?»

«ፓልዲየስ ነው። አመሰግናለሁ ማለት ነው።»

«ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለችኝ። «አባቴ የሚለውን አንቺ ትነግሪኛለሽ።» የተናገረችው በቁጣ አልነበረም። ክፍሉን ለቅቄ ልወጣ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «አትሂጂ። ሌላ ነገር ቢናገርስ?»

የዚያን ማታ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ስመለስ ልጄን አሰብኩ። የምትይው ይገባኛል፣ ማለት ነው የማልችለው ያለችኝን። አንድ ቀን እንግሊዝኛዬ ሲጠፋ፣ የሆነ አልጋ ላይ ሆኜ በአማርኛ ብቻ ስናገር፣ ምን ያህሉ ይገባት ይሆን? ውሃ ይገባታል። እንጀራ ይገባታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ቤት ገብቼ ይህን ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ በምን ቃል እንደምነግራት ጠፋኝና እራት አቀረብኩ።

በመጨረሻው ሳምንት ጋሼ ብዙ መናገር ጀመሩ። ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ነው፤ እየጠየቁ ይመስላል፤ ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል፤ መልስ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ደግመው ይጠይቃሉ። ከቃሎቼ አንዱም አይገኝበትም። ልጃቸው መቋቋም አቅቷት ነርሷን ለመነቻት፤ ነርሷም በስልክ አስተርጓሚ አገኘችልን። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ትራሱ አጠገብ አስቀመጠችው።

የሴት ድምፅ ነው። በላትቪያኛ ሰላም አለቻቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ከፈቱ። ለብዙ ጊዜ ያላየሁት ብርሃን ፊታቸው ላይ መጣ። ተናገሩ፣ ተናገሩ። ሴትየዋ አንድ ሁለት ቃል መለሰችላቸው። ከዚያ በእንግሊዝኛ ለእኛ፣

«አነጋገሩ የልጅ ነው» አለች። «አንድ ጥያቄ ነው የሚደጋግመው። ላሟን ማን እንዳለባት ይጠይቃል።»

ልጃቸው ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። «የምን ላም? አያቱ ማን ያልባታል ያለቻትን ነው? ለምን አሁን?»

ያን ረቡዕ የሆነውን ለመናገር ጊዜው ያ ነበር። ነርሷ ቆማለች፣ አስተርጓሚዋ በስልክ ትጠብቃለች፣ ልጃቸው ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«አላውቅም» አልኩ።

ልጃቸው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ «ጎረቤት አልቧታል በይልኝ። ላሟ ደህና ናት በይልኝ» አለች። አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ጋሼ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። እሷን እኔም አውቃታለሁ፤ ኔ ናት፤ አይደለም ማለት ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ከምሳ በፊት፣ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ እያረጠብኩላቸው ትንፋሻቸው ቆመ። ልጃቸው መንገድ ላይ ነበረች፤ አልደረሰችም። ዓይናቸውን ከደንኩ። ሰው የለም፤ አልጮህኩም፤ በዚያ ሰፈር አይጮህም። ወንበር ስቤ ልጃቸው እስክትመጣ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። መኪናዋ ግቢ ሲገባ ስሰማ ተነሥቼ በሩ ጋ ቆምኩ፤ ይህኛውን መርዶ በወጉ ልናገር ብዬ ክንዷን ያዝኩ። እሷ ግን ፊቴን አይታ አወቀች።

ቀብሩ ላይ ከሃያ የማንበልጥ ሰዎች ነበርን። ልጃቸው ከሁሉ ፊት አቀፈችኝ። «ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂው ነበር» አለችኝ። ለኤጀንሲውም ደብዳቤ ጻፈች፤ አባቴን እንደ ልጅ ጦረችው፣ እስከ መጨረሻው አገሩ እንዲመስለው አደረገችው የሚል። ኤጀንሲው ደብዳቤውን ቴክስት አድርጎ ላከልኝ፤ በርቺ የሚል ምልክትም አብሮ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ያን ረቡዕ ጠዋት ያደረግሁትን አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም፤ ውሸት አይደለም፣ የነገርኳቸው እውነት ነው። ለልጄ ለመናገር ጀምሬ ነበር፤ ግን ነገሩ የሚነገረው በአማርኛ ነው፤ መሀል ላይ መርዶ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ «ምን ማለት ነው?» አለችኝ፤ ሳስረዳት ሌላው ቀረ።

አሁን ሌላ ቤት ነው የምሠራው። ሴትየዋ በስትሮክ ምክንያት አትናገርም፤ ቴሌቪዥኑ ጠዋት ይከፈታል፣ እኔ ስወጣም ክፍት ነው። ከየት እንደመጣች፣ ማን እንዳላት፣ ምን ቋንቋ ትናገር እንደነበር ፋይሏ ላይ ተጽፏል። ሦስት ወር ሆነኝ፤ መድኃኒቷ ያለበትን ገጽ ብቻ ነው የማየው።